ስድስት መድኃኒት በአንድ ፌስታል

(በሰፈራችን እድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂት ቃላት አስተካክያለሁ። በመሐል የተነሱትን ጥያቄዎች ግን ባሉበት ትቻቸዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ጋሼ ሰብሳቢያችን «ስለ ጉበት ትንሽ ብታወራን» ሲሉኝ ቀድሞ የመጣልኝ ዱለት ነው። እውነቴን ነው። በአማርኛ ስንወድ ልባችንን እንጠራለን። ስናዝን አንጀታችንን፣ ስንቀየም ሆዳችንን። ጉበትን የሚጠራው የለም። ስሙ የሚነሳው ወይ ዱለት ሲታዘዝ፣ ወይ ሐኪም ሲነግረን ነው። ሐኪሙ ሲነግረን ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሽቷል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መድኃኒት መስጠትና ማስረዳት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጉበት ሲሮሲስ መድኃኒቶች ብቻ ነው። ምርመራውን ለሐኪሞቹ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ አባት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ዕድሜያቸው ስልሳ አካባቢ ነው። ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ክንዳቸው ግን እንደ ልጅ ክንድ ቀጥኗል። ጥቁር ፌስታል አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ስድስት ዓይነት መድኃኒት ነበር። አምስቱ ጥቂት ብቻ ተነክተው ተቀምጠዋል። አንዱ ብቻ ሙልጭ ብሎ አልቋል። ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠልና የሚያብረቀርቅ ጉበት ተስሎበታል።

«ይቺን ድገምልኝ» አሉኝ ባዶውን ካርቶን እያሳዩ። «የጉበት ማለት እሷ ናት።»

«ሌሎቹስ አባቴ?»

አንድ በአንድ አስረዱኝ። «እነዚህ ሁለቱ ሌሊት ሙሉ ያሸኑኛል። ሽሮፑ ያስቀምጠኛል። ይቺ ሮዝ ደግሞ የልብ ናት አሉኝ፤ እኔ ልቤን አሞኝ አያውቅም። ይኼን ብልቃጥ ጎረቤት አይቶ የኤችአይቪ ነው አለኝ። ተውኩት።»

እስኪ አስቡት። እያንዳንዱ ምክንያት ለራሱ ትክክል ነው። የሚያሸናው በእርግጥ ያሸናል። ሽሮፑ ያስቀምጣል። ሮዟ በእርግጥ የልብ መድኃኒት ናት። ብልቃጡ ውስጥ ያለውም በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ አለ። እሳቸው የተሳሳቱት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። «የጉበት መድኃኒት» የሚባል ነገር አለ ብለው አመኑ፤ ካርቶኑ ላይ ጉበት የተሳለበትንም መረጡ።

ሲሮሲስ ማለት ጉበት ጠባሳ በጠባሳ ሲሆን ነው። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1819 ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ማዳመጫ የፈለሰፈውም እሱ ነው። የታመመው ጉበት ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡኒ ሆኖ ስላየው ከግሪክኛ የቀለም ስም ወሰደለት። ለእኛ ግን ቀለሙ ሳይሆን ጠባሳው ነው ቁም ነገሩ። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላ ጣታችሁን ቢቆርጣችሁ ቁስሉ ይድናል፤ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል። ያ ቢላ በየቀኑ ሃያ ዓመት ቢቆርጣችሁስ?

ቢላው ብዙ ነው። በእኛ አገር ዋነኛው ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ሄፓታይተስ ሲ አለ። አረቄው፣ ቢራው፣ ውስኪው አለ። ከስኳር በሽታና ከውፍረት ጋር የሚመጣ የጉበት ስብ አለ። ሐረር ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። አውቃለሁ፣ ከኋላ የሚስቁ አሉ። አላየሁም።

ጠባሳውን በቀጥታ የሚያጠፋ ክኒን እስከ ዛሬ የለም። ያሉት መድኃኒቶች ወይ ቢላውን ይቀማሉ፣ ወይ ጠባሳው ያመጣውን ጣጣ ይጠብቃሉ። ለቫይረሱ አለ። ለውሃው አለ። ለደም ሥሩ አለ። ለአንጎል አለ። «ለጉበት» ግን የለም። ወደ ፌስታሉ እንመለስ።

በብልቃጡ ልጀምር። ቴኖፎቪር ይባላል። 300 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። አዎ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ከሚወስዱት ክኒን ውስጥ አለ። ግን ሄፓታይተስ ቢንም እንዳይራባ ያስቆመዋል። ይህ ቫይረስ ከጉበት ሴል ውስጥ ፈጽሞ አይወጣም ማለት ይቻላል፤ ሲተኛ ግን ቢላው ከእጁ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እኔን ራሴን ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነው። ቴኖፎቪር የጀመሩ 348 ሰዎች መጀመሪያ ላይና ከ5 ዓመት በኋላ ጉበታቸው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ታየ። መጀመሪያ ላይ 96ቱ ሲሮሲስ ነበረባቸው። ከ5 ዓመት በኋላ 71ዱ አልነበረባቸውም።

ልድገመው። ከ96ቱ 71ዱ። ስንማር «ሲሮሲስ አንዴ ከመጣ ወደ ኋላ አይመለስም» ተብለን ነበር። ቢላው ከተቀማ ጉበት ጠባሳውን ራሱ መብላት ይጀምራል። የሁሉም ሰው አይደለም፤ ሆዳቸው ውሃ ከቋጠረ፣ ደም ካስመለሱ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ግን ዕድሉ አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም። ቫይረሱ ሲነቃ በኃይል ነው የሚነሳው፤ የቀረችውን ጉበት በሳምንታት ሊጨርሳት ይችላል። ሁለተኛ፣ ኩላሊት በየጊዜው ይታያል። ኩላሊት ከደከመ ሐኪሙ መጠኑን ይቀይራል ወይም ሌላ መድኃኒት ያዛል፤ አማራጭ አለ። ጎረቤትን በተመለከተ ደግሞ፣ ጎረቤት መሳቢያችሁን ለምን ይከፍታል? ብልቃጡን አስቀምጡት። ግን ክኒኑን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡት፤ እርጥበት አይወድም።

ቀድሞ ይህን መድኃኒት ለሄፓታይተስ ብሎ ማግኘት ጭንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ለሕፃናት ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ይሰጣል። እዚህ ያለን ትልልቆቹ ግን አልደረሰንም። በቤታችሁ አንድ ሰው ከተያዘ ሌላው ይመርመር፤ ነፃ ከሆነ ይከተብ።

ሄፓታይተስ ሲ የያዘው ሰው ደግሞ ከሁላችንም ዕድለኛ ነው። ከስሩ ይድናል። በብዙዎቹ ላይ 12 ሳምንት ክኒን ይበቃል፤ ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ ይድናሉ። ከክኒኖቹ አንዱ ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር ነበረች። 84 ፍሬ፣ 84,000 ዶላር። በሚቀጥለው ዓመት የሕንድ ፋብሪካዎች እንዲሠሩት ፈቃድ ተሰጠና ለእኛ ዓይነት አገሮች ዋጋው ወረደ። ሲሮሲሱ የጠናበት ሰው ግን ከእነዚህ ውስጥ የማይስማሙት አሉ። ስለዚህ ከዘመድ የተረፈ ክኒን ወስዶ መዋጥ አይሆንም።

አሁን ወደሚያሸኑት። ስፓይሮኖላክቶንና ፉሮሴማይድ ናቸው። ሁለተኛውን ብዙዎቻችሁ ላሲክስ ትሉታላችሁ። ጉበት ሲደነድን ኩላሊት ይሳሳታል። ሰውነት ውሃ ያጠረው ይመስለውና ጨው ይቋጥራል። ጨው ባለበት ውሃ አለ። ያ ውሃ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሁለቱ አብረው ሲታዘዙ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው 100 ሚሊግራም ስፓይሮኖላክቶን በ40 ሚሊግራም ፉሮሴማይድ ነው። አንዱ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ሌላው ያስወጣል፤ ተያይዘው ሚዛን ይጠብቃሉ። ካልበቃ ሐኪሙ ቀስ እያለ እስከ 400 እና 160 ያደርሳቸዋል። አንዱን ትቶ አንዱን መዋጥ ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል። ደግሞ ለምን ማታ ትውጣላችሁ? ጠዋት ይዋጡ። ያ አባት ሌሊት ሙሉ የተሰቃዩት ከእራት በኋላ ስለሚውጡት ነው። እንዲያ ብሎ የነገራቸው የለም።

እየሠራ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? በሚዛን። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? ደንበኛ ያዙ። ሁልጊዜ ያው ልጅ፣ ያው ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት። እግር ያላበጠ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ መቀነስ የለበትም። እግሩም ያበጠ ከሆነ እስከ አንድ ኪሎ ይቻላል። ከዚያ ከፈጠነ ኩላሊት ይጎዳል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ቤተሰብ «እልል» ይላል፤ እኔ ደግሞ እደነግጣለሁ።

አንድ ወንዶች የማይነግሩን ነገር አለ። እኚያ አባት ባለቤታቸውን «ውሃ ግዢልኝ» ብለው ከላኩ በኋላ ጠጋ ብለው «ጡቴን ያመኛል፤ አብጧል፤ ምን ጉድ ነው?» አሉኝ። ጉድ አይደለም። ስፓይሮኖላክቶን ወንዶች ላይ ይህን ያደርጋል። ለሐኪም ከተነገረ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል። በሐፍረት ክኒኑን ትቶ ሆዱ ተነፍቶ የሚመጣ ሰው ስንት ነው!

ስለ ጨው ሳወራ እናቶች ፊታቸው ይጠቁራል። የቀኑ ጨው በጠቅላላ 5 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ሳይቆለል አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ወጡም፣ ዳቦውም፣ ሁሉም ተደምሮ።

(እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «እኔ ወጡ ላይ ጨው አላደርግም፤ ግን ሆዱ አልጎድል አለ» አሉ።)

በርበሬዎት ውስጥስ እማማ? ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። ሚጥሚጣው፣ ቋንጣው፣ ሁሉም። ጨው ያልነካው በርበሬ ለብቻ ጥቂት ኪሎ ይፈጭላቸው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን፣ ሎሚውን ይልቀቁበት። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን «የጨው ምትክ» ግን አይግዙ። ብዙው ፖታሲየም ነው። ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲገናኝ ልብ ያቆማል። ይህን ያህል አደገኛ ነው።

ውሃው በክኒን አልጎድል ሲል በመርፌ ይቀዳል። ከ5 ሊትር በላይ ከተቀዳ በእያንዳንዱ ሊትር 8 ግራም ያህል አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን በደም ሥር ይሰጣል። ውድ ነው፤ ቤተሰብ «ይቅርብን» ይላል። ካልተሰጠ ግን የደም ግፊት ወርዶ ኩላሊት ሊመታ ይችላል። በቀረው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ስታስቡ ከካርቶኑ ጉበት በፊት ይህን አስቡ።

ሮዟ ፕሮፕራኖሎል ናት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ለልብ ሕመም ነው የሠራው። የኖቤል ሽልማትም አግኝቶበታል። ታዲያ ከጉበት ምን አገናኘው?

አንድ ትልቅ አስፋልት ተዘጋ እንበል። መኪናው ምን ያደርጋል? ቅያስ ለቅያስ ይገባል። ኮብልስቶን፣ ጭቃ፣ የሰው ደጃፍ ሳይል ይሞላዋል። ከአንጀት የሚመጣው ደም ሁሉ የሚያልፈው በጉበት ነው። ጉበት ሲደነድን መንገዱ ይዘጋል። ደሙ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይሄዳል። እነሱ ለዚህ አልተሠሩም። ያብጣሉ፣ ይሳሳሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ሰውየው ደም ያስመልሳል። ፕሮፕራኖሎል አስፋልቱን አይከፍትም፤ የሚመጣውን መኪና ይቀንሳል። ይህን በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ፓሪስ አጠገብ ዲዲዬ ሌብሬክና ባልደረቦቹ ናቸው። አንድ ጊዜ የደሙ ሰዎች እንደገና የመድማታቸው ነገር ቀነሰ። ዛሬ ካርቬዲሎል የሚባለው ዘመዱም ይታዘዛል፤ ብዙ ሐኪሞች እንዲያውም እሱን ያስቀድማሉ።

እስኪ ሁላችሁም ሁለት ጣታችሁን የግራ አንጓችሁ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች አድርጉ። ዝም በሉ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ለሠላሳ ሰከንድ ቁጠሩ። ... በቃ። በሁለት አባዙት። ሰባ፣ ሰባ አራት፣ ሰማንያ ስድስት። ጋሼ ሰብሳቢ 98? ተረጋጉ እንጂ፣ ገና የሒሳብ ሪፖርቱ አልደረሰም። ፕሮፕራኖሎል ለጉበት የሚወስድ ሰው ከ55 እስከ 60 ቢሆን ደስ ይለናል። ከ50 ከወረደ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከሆነ፣ ለሐኪም መንገር ነው። አስም ያለበት ሰው መውሰድ የለበትም። በድንገት ማቆምም ጥሩ አይደለም።

ደም ያስመለሰ፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚሸት ሰው ቤት አይቆይም። ሆስፒታል ነው። እዚያ ደም ሥሩን የሚያጠብብ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ መርፌ ይሰጠዋል፤ የፈነዳው ሥርም በካሜራ ታይቶ ይታሰራል። «እስኪነጋ እንይ» የተባለባቸውን ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንዳቸውም አልነጋላቸውም።

ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ። ደም የሚያስመልስ ሁሉ ሲሮሲስ አይደለም። ከውሃ የሚይዘው የቢልሃርዚያ ትልም የጉበትን ደም መንገድ ይዘጋል። ሐይቅና መስኖ ዳር ያደገ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ጣጣው ግን ተመሳሳይ ስለሆነ ፕሮፕራኖሎል እዚያም ይገባል። የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድገውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት የእኛው አክሊሉ ለማ ናቸው። ልብስ በእንዶድ የሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። ለልጆቻችሁ ንገሩ። አሁን ልመለስ።

ሽሮፑ ላክቱሎስ ነው። ከሁሉም የተናቀ እሱ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

አንድ ሰው ነበሩ፤ ከእኚህ አባት ሌላ ናቸው። ባንክ ገንዘብ ሊያወጡ ሄደው ፊርማቸው አልመሳሰል አለ። ሦስት ጊዜ ፈረሙ። ሦስቱም የተለያየ። ተቆጡ፣ ተሳደቡ። በሕይወታቸው ሰው ተሳድበው የማያውቁ ሰው ናቸው። ልጃቸው አፍራ ይዛቸው ወጣች። ያን ሰሞን ቀን ያንቀላፋሉ፤ ሌሊት ይነቃሉ። ቤተሰቡ እርጅና ነው አለ፤ አንዳንዱም ጸበል ይሻላል አለ። ጸበሉን አልቃወምም። ግን እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ «ቁም!» ብለው ሲዘረጉ መዳፋቸው እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገብ ነበር።

ከአንጀት የሚወጣ አሞኒያ የሚባል መርዝ አለ። ጤነኛ ጉበት ያጣራዋል። የታመመው ያሳልፈዋል፤ አንጎል ይደርሳል። ላክቱሎስ ስኳር ነው፤ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችል ስኳር። ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያዎቹ ያኮመጥጡታል። ኮምጣጤው ውስጥ አሞኒያው ይያዝና በሰገራ ይወጣል። ስዊዘርላንዳዊው ቢርሸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ካወጡት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚተካው አልተገኘም። ሪፋክሲሚን የሚባል አንቲባዮቲክ ይታከልበታል እንጂ።

ስለዚህ «ያስቀምጠኛል» ሲሉኝ «እሰየው!» አልኳቸው። ሥራው እሱ ነው። መለኪያው የሽሮፑ ማንኪያ አይደለም፤ ሽንት ቤት የሄዳችሁበት ቁጥር ነው። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስለስ ያለ። አንድ ብቻ ከሆነ ጨምሩ። አምስት ስድስት ከሆነ ቀንሱ፤ ውሃ ማነስ ራሱ አንጎልን መልሶ ያደክማል። ልጅቷ አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋ አባቷን በየጠዋቱ ታስፈርማለች። ፊርማው ሲጣመም ሽሮፑን ትጨምራለች። ከላቦራቶሪ ይልቅ እሷን አምናለሁ።

ትኩሳትና የሆድ ሕመም ሆዱ ውሃ በቋጠረ ሰው ላይ ከታየ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ውሃው ባክቴሪያ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መቆየት አይሠራም።

አሁን ፌስታሉ ውስጥ መኖር ስለሌለባቸው። ወገቤን አለ፣ ጉልበቴን አለ ተብሎ የሚወጋው ዲክሎፌናክ፣ የሚዋጠው አይቡፕሮፌን። ሲሮሲስ ያለበት ሰው እነዚህን አይነካም። ኩላሊቱን ይጥሉታል፤ የሚያሸናውን መድኃኒት ያከሽፋሉ፤ ደምም ያመጣሉ። የሚገርመው ሰው የሚፈራው ፓራሲታሞልን ነው። ፓራሲታሞል በዛ ሲል ጉበት ይጎዳል፤ እውነት ነው። በቀን እስከ 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 አራት ፍሬ፣ ተከፋፍሎ ከተወሰደ ግን ከዲክሎፌናክ መቶ እጅ ይሻላል። አልኮል እየጠጡ ከሆነ እሱም የተለየ ነው። እንቅልፍ ማምጫ ዳያዜፓምም ይቅር። ሌሊት የሚነቃው ሰው ላክቱሎስ አጥቶ ነው፤ ዳያዜፓም ቢሰጠው አይነቃም።

የባህል መድኃኒት? ጥያቄው እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን፤ የሌሊት ወፍ አለፈችበት እንላለን። ስሚዛው ይጨመቃል፣ ብሳናው ይቀጠቀጣል። ያደግኩበት ነው፤ አልስቅም። አንዳንዱ የወፍ በሽታ በራሱ የሚድን ሄፓታይተስ ስለሆነ ቅጠሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ችግሩ የደነደነ ጉበት ላይ ነው። መጠኑ ያልታወቀ ነገር የማጣራት ሥራው የሚወድቀው በዚያችው ደካማ ጉበት ላይ ነው። «ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» የሚል ሰው ካለ የትግራይን ታሕታይ ቆራሮ ያስታውስ። ከ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ሰው ሆዱ እየተነፋ ሲሞት ቆይቶ፣ ሲጠና ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር መርዝ ተገኘ።

(አንድ አባት «ጾሙስ?» ብለው ጠየቁ።)

ጥሩ ጥያቄ። የጾም ምግባችን ለዚህ በሽታ ጥሩ ነው። ድሮ ፕሮቲን ከልክሉ ይባል ነበር፤ ተሽሯል። ሰውነት እየቀለጠ ስለሆነ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ደግሞ ከሥጋ ይልቅ ለአንጎሉ ይስማማሉ። ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የታመመ ጉበት ስንቅ አይዝም። ለእሱ የአንድ ሌሊት ባዶ ሆድ ለጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደመዋል ነው። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል አይችልም። ከመተኛቱ በፊትም አንድ ጎድጓዳ በሶ ወይም ቂጣ ይቅመስ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ሙስሊም ወንድሞቼም ለሸኾቻችሁ። እስካሁን ለበሽተኛ ያልፈቀደ አልገጠመኝም።

አዲስ መድኃኒት አለ ወይ ላላችሁኝ፦ ለጉበት ስብ ሬስሜቲሮም የተባለ ክኒን እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በ2025 ደግሞ ለውፍረት የሚወጋው ሴማግሉታይድ ተከተለ። ሁለቱም የተፈቀዱት ጠባሳው ሲሮሲስ ሳይደርስ ላለ ሰው ነው። ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክላችሁ አትለምኑ። ሁሉም ሲያቅት የሚቀረው የጉበት ንቅለ ተከላ ነው፤ ለዚያ የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕንድ ይሄዳል፤ ወጪውንም እድራችን ያውቀዋል።

ፌስታሉን ልጨርስ። የዚያን ቀን ባለቤታቸው ውሃ ገዝተው ሲመለሱ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ማንበብ መጻፍ ይችላሉ። በየካርቶኑ ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉ። በሁለቱ ላይ «ለሆዱ ውሃ፣ ጠዋት»። በሮዟ ላይ «ደም እንዳያስመልስ»። በብልቃጡ ላይ «ለቫይረሱ፣ አይቆምም»። በሽሮፑ ላይ «ለአእምሮ»። ከዚያ ያቺን ባዶ ካርቶን አንስተው «በዚችስ ላይ ምን ልጻፍ?» አሉኝ።

ውስጧ ያለው የአንድ እሾሃማ አበባ ጭማቂ ነው። ብዙ ተጠንቷል፤ ሲሮሲስን እንደሚያሻሽል አልተረጋገጠም። ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ኪስ ነው፤ የወር ዋጋዋ ከአምስቱ ድምር ይበልጥ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። እናትየው ካርቶኗን ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወሩ።

አባትየው ጎንበስ ብለው አነሷት። አቧራዋን አራገፉ፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።

«ሥዕሏ ታምራለች» አሉኝ።